ከቫርኒሹ በላይ

ጥጡ ሰማያዊ ሆኖ ሲወጣ ፍሬም ሰሪው እጁን ባለበት አቆመ።

ቡናማ መሆን ነበረበት። አራት ቀን ሙሉ ከዚህ ሥዕል ላይ ያነሣው ጥጥ ሁሉ ቡናማ ነበር፤ የስንት ዘመን ጭስና አቧራ፣ ሥዕል እንዳይጎዳ በላዩ የሚቀባ፣ እንደ ቆየ ሻይ የጠቆረ አሮጌ ቫርኒሽ። ቡናማ ሲወጣ ደስ ይላል፣ ቆሻሻ ነዋ። ሰማያዊ ግን ቆሻሻ አይደለም።

ጥጥ የተጠቀለለባትን ቀጭን እንጨት ሳህኑ ላይ አኖረና በአጉሊ መነጽሩ አጎንብሶ አየ። ቦዩ በቦታው አለ። በሁለት ረድፍ አሮጌ ቤቶች መካከል የተኛው ጸጥ ያለ ውኃ፣ ቅስት ድልድዩ፣ ከድልድዩ ሥር የታሰረችው ጀልባ፣ ገና መሸት ሲል የበራው የመንገድ መብራት፣ ሁሉም አሉ። እንዲያውም ከታጠበ ወዲህ ውኃው ላይ የወደቀው የመስኮቶቹ ጥላ ሳይቀር ይቆጠራል። ወደ ውኃው በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ላይ፣ ሦስተኛዋ እርከን ጋ፣ ቁመቷ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት ቆማ ነበር። አሁን የለችም። በቦታዋ በቅርጿ ልክ የቀረ ቡናማ እድፍ ብቻ አለ።

"ወይኔ ጉዴ!" አለ ለብቻው።

በሙያው አርባ ሁለት ዓመት ቆይቷል። እጅጌው ላይ የጥጥ ብናኝ ስለማይጠፋ ሰፈሩ "ጋሼ ጥጡ" ይለዋል፤ የገዛ ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ፍሬም መሥራት መተዳደሪያው ነው፣ አሮጌ ሥዕል ማጠብ ደግሞ ኩራቱ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከሰው ሥዕል ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀለም አንሥቶ አያውቅም።

የሙያው ሕግ ከባድ አይደለም። ሥዕል ከመታጠቡ በፊት በላዩ ያለው ቀለም ሁሉ አንድ በአንድ ጥግ ጥጉ ላይ በእርጥብ ጥጥ ነካ እየተደረገ ይፈተናል፤ ከጸና ይታጠባል፣ ከለቀቀ አይነካም። እሱም ፈትኗል። የሰማዩን ፈትኗል፣ የግድግዳውን፣ የድንጋዩን፣ ከድልድዩ ሥር በውኃው ጥላ ውስጥ ያለውን ሰማያዊም ፈትኗል፤ ሁሉም ጸንቷል። የሴትዮዋ ቀሚስ ያው ሰማያዊ ነው። ሰማያዊው ተፈትኗል ብሎ አለፈ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው።

የፊት ለፊቱ ክፍል መጋዝ ጸጥ አለና ሴት ልጁ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ እንጨት የምትቆርጠው፣ መስታወት የምትለካው፣ ደንበኛ የምትቀበለው እሷ ናት። ምላሷ ከመስታወት መቁረጫዋ ቢብስ እንጂ አያንስም።

"አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው አመድ የመሰልከው?"

እሱ ጣቱን ወደ ደረጃው ጠቆመ። ልጁ አጎነበሰች፣ ቀና አለች፣ እንደገና አጎነበሰች።

"ሴትዮዋስ?"

"ጥጡ ላይ ናት።"

ልጁ ሳህኑን አየችው። ከዚያ የአባቷን ቀኝ እጅ አየች። ያ እጅ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። ሲሠራ ጸጥ ይላል፣ ሲያርፍ ይጀምረዋል፤ እሱም ያንን ስለሚያውቅ ሰው ሲመጣ ኪሱ ይከተዋል።

"እጅህ ነው አይደል?"

"እጄ አይደለም።"

"ታዲያ ጥጡ በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ሄደ? ስንቴ ነገርኩህ! ይብቃህ አላልኩህም? የሱቁን ቁልፍ እንመልስና እኔ ጋ ና አላልኩህም?" ድምጿ ከፍ አለ። "ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ እኮ የሥዕሉ ባለቤት ይመጣሉ! ልጃቸውም አብሮ ይመጣል!"

ይህን እሱ መች ረሳው። የሥዕሉ ባለቤት ልጅ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ አንድ አሮጌ ሥዕሎች ጠቁረው ተሰቅለዋል። "መጀመሪያ የእናቴ ሥዕል እንዴት ሆኖ እንደሚወጣ እንይ፣ ከዚያ ስለ ቀሪው እንነጋገራለን" ብሎ ነበር። ያ ሥራ ከተገኘ ሱቁ ሁለት ዓመት ይኖራል። ካልተገኘ በወሩ መጨረሻ የሱቁ ቁልፍ ለአከራዩ ይመለሳል፤ ጋሼ ጥጡም የልጁ ሳሎን ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጦ መኪና ይቆጥራል።

ሥዕሉ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ያመጡት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሰባ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በአንሶላ ጠቅልለው፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈውት ገቡ።

"ቀስ ብለህ ተቀበለኝ ወንድሜ" አሉት። "የባለቤቴ ሥራ ነው፤ ሁለት ዓመቱ ከሞተ። ይቺ ደረጃው ላይ የቆመችው ደግሞ እኔ ነኝ። ሳያውቀኝ ነው የሳለኝ።"

"እንዴት ሳያውቅዎት እትዬ?"

"ያኔ ከሥራ ስወጣ እዚያ ደረጃ ላይ ቆም እል ነበር፣ ድካሜ እስኪወጣልኝ። እሱ ለካ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው፣ በመስኮት ያየኛል። እኔ መፈጠሩንም ሳላውቅ ስድስት ወር ሙሉ እያየ እኔንና ቦዩን ሲስል ከረመ። ከዚያ ሥዕሉን ተሸክሞ አባቴ ቤት መጣ። 'ልጅዎን ስድስት ወር ሳያት ነበር፣ ይኸው' አለ። ሦስት ወር ሳይሞላ ተጋባን።"

"መቼም ፍቅር የሚያውቁ ሰው ነበሩ።"

አዋላጇ ሣቅ አሉ። "እሱን እንኳ ተወው። ድንጋይ ነበር። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን 'ወድጄሻለሁ' አላለኝም። ስለብስ አያየኝም፣ ስታመም አይጠይቀኝም። ስንቴ ጓዜን ጠቅልዬ ተነሥቻለሁ መሰለህ! ግን ለመውጣት በሳሎኑ ማለፍ አለብኝ፤ ሳልፍ ደግሞ ይቺን አያታለሁ። 'አይ፣ ይህ እኮ ሳያውቀኝ ስድስት ወር ቆሞ ያየኝ ሰው ነው' እልና ጓዜን እፈታለሁ።"

ሥዕሉን በእጃቸው ጀርባ ዳበስ አደረጉት።

"አሁን ቦዩም የለም፣ በሲሚንቶ ደፍነው መኪና ይሄድበታል። እሱም የለ። እኔም ይኸው በጭስ ተውጫለሁ። እኔ ስንቱን ከእናቱ ሆድ አውጥቼ አጥቤያለሁ፤ አንተ ደግሞ እኔን አጥበህ አውጣኝ።"

ያን ቀን በቀልዱ ሁለቱም ስቀው ነበር። ዛሬ ቀልዱ ትዝ ሲለው ፍሬም ሰሪው ላብ አጠመቀው።

ልጁ ንዴቷ በረድ ሲልላት ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። "እሺ፣ የሆነው ሆኗል። ሲያመጡት ፎቶ አንሥቼዋለሁ። ሁለት ሰዓት ስጠኝ፣ ያችኑ ሴትዮ መልሼ አስቀምጣታለሁ። ማንም አያውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ።"

"አንተማ ታውቃለህ! ሆድ ይፍጀው!"

"'ባሌ የሳለኝ እኔ ነኝ' እያሉ፣ አንቺ የሳልሻትን ሴት ግድግዳቸው ላይ ሰቅዬ ልሸኛቸው? ይሄን አላደርግም። ጠፍታለች፣ ጠፍታለች እላቸዋለሁ።"

ይህን ብሎ አጉሊ መነጽሩን አነሣ። እንዴት ጠፋች የሚለው ነገር አልዋጥለት ብሎ ነበር። ከመብራቱ ጋር እያዘነበለ እድፉን ለረጅም ጊዜ መረመረው። ከዚያ መነጽሩን ለልጁ አቀበላት።

"እስቲ እዪው። ምን ይታይሻል?"

"እድፍ።"

"ምን ዓይነት እድፍ?"

ልጁ ዓይኗን አጠበበች። "ቫርኒሽ ነው፣ የቆየ ቫርኒሽ። በላዩ ደግሞ ጥላሸት አለ። ቆይ… ጥላሸቱ የት ነው የነበረው?"

"ከእሷ ሥር።"

"ከእሷ ሥር እንዴት ጥላሸት ይኖራል?"

"እኔም እሱን ነው የምልሽ። ዘይት ቀለም በደንብ እስኪደርቅ ዓመት ይፈጃል። ቫርኒሽ የሚቀባው ከዚያ በኋላ ነው። ቦዩና ድልድዩ ከቫርኒሹ በታች ናቸው፣ ለዚያ ነው የጸኑት። እሷ ግን ከቫርኒሹ በላይ ነበረች። ከቫርኒሹም አልፎ ከጭሱ በላይ። ጥላሸቱ ላይ ስላልያዘች ጥጡ ሲነካት ተነሥታ ሄደች። ከሥሯ ደግሞ እዪው፣ ደረጃው ሙሉውን ተስሏል፤ ባዶ ደረጃ ነበር።"

ልጁ መነጽሩን ዝቅ አደረገች። "ይህ ከሥሯ ያለው ጭስ የስንት ዓመት ነው?"

"አምስት ስድስት ዓመት ቢሆን ነው። አያንስም።"

"ስለዚህ ሰውዬው ክፍሉ ውስጥ ተሰቅሎ የኖረ አሮጌ ሥዕሉን አወረደና…"

"አዎ።"

"…እሷን ጣል አድርጎበት ወደ አባቷ ቤት ሄደ።"

"አዎ።"

"እሷን ለመሳል ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

ፍሬም ሰሪው እድፉን እንደገና አየ። "ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ እስኪመሽ ይጨርሳታል።"

ልጁ ሣቋ አመለጣት፤ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። "ውይ! ስድስት ወር አይደል ያሏቸው?" ካለች በኋላ ፊቷ እየበራ መጣ። "አባዬ! እንግዲያስ አንተ ምን አጠፋህ? የትኛውም ባለሙያ ቢሆን ይሳሳት ነበር። ለልጃቸው በመነጽሩ ታሳየዋለህ፣ የተማረ ሰው ነው፣ ይገባዋል። እንዲያውም ይህን ማወቅህ ራሱ ሙያ ነው!" ትከሻውን ያዘችው። "እጅህ ነው ስላልኩህ ይቅር በለኝ።"

ፍሬም ሰሪው ልቡ ቀለል አለው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለው፤ ወጣት እያለ የመጀመሪያውን ሥዕል አጥቦ ሲያስረክብ እንደተሰማው ዓይነት ደስታ ነው። እጄ አይደለም! ወደ ጓሮ ወጥቶ ታጠበ። ፎጣውን ሲያነሣ ግን አዋላጇ "ጓዜን እፈታለሁ" ያሉት ነገር ትዝ አለውና ደስታው እዚያው ቀረ። ስንት ጊዜ ይሆን የፈቱት?

ሰውዬው ክፉ ነው ለማለትም አልደፈረም። ወዶ ይሆናል። የሚናገርበት አፍ የሌለው ሰው፣ እጁ ላይ ያለው አንድ አሮጌ ሥዕል ብቻ ቢሆን፣ በዚያችው ላይ የወደዳትን ሴት አቁሞ ቢሄድ ምን ይፈረድበታል? ግን ይህን ማን ያውቃል? የሚያውቀው ሞቷል። የቀረው ጥላሸት ነው፤ ጥላሸቱም የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያኔ ቦዩን ሲስል እሱ አንቺን አላየሽም።

ምሳቸውን በሉ፤ ዳቦና ሻይ። ውጭ ዝናብ ጀመረ። ልጁ ሠላሳ አንዱን ሥዕል የት የት እንደምታስቀምጥ ግድግዳውን በዓይኗ ስትለካ ቆየች።

"እንዴት አድርገህ ነው የምትነግራቸው?" አለችው በመጨረሻ።

"እንጃ።"

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ስትል አልነበር? በቃ እውነቱን ንገራቸው።"

"እል ነበር" አለና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

ልክ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ልጃቸው ጃንጥላውን እያጠፈ ቀድሞ ገባ፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ የሚያይ ሰው ነው። አዋላጇ ከኋላው ገቡ። ፀጉራቸውን ተሠርተዋል፤ ከንፈራቸው ላይም ስስ ቀለም አለ። ያንን ሲያይ አንጀቱን በሉት።

"ይኸው ተሞሽሬ መጣሁ" አሉ። "ከራሴ ጋር ልተያይ አይደል።"

ሥዕሉ መሐል ክፍሉ ላይ ቆሟል። ፍሬም ሰሪው አስቀድሞ ለመናገር አፉን ከፈተ፤ እሳቸው ግን ቀደሙት። ተጠጉ። መጀመሪያ "ውይ ውኃው!" አሉ፣ "ውይ መብራቱ! ይቺ ጀልባ እኮ ቀይ ነበረች፣ ረስቼዋለሁ!" ከዚያ ዓይናቸው ወደ ደረጃው ወረደ። ቦርሳቸውን ከፍተው መነጽራቸውን አወጡና አጠለቁት።

"የታለሁ?" አሉ።

"አጥፍቼዎታለሁ እትዬ" አለ ፍሬም ሰሪው። "ዛሬ ጠዋት። ይቅርታ ማለት አይበቃም፣ ግን ይቅር ይበሉኝ።"

አዋላጇ አልጮኹም። ስንት ክፉ ምጥ ያየ ሰው ቶሎ አይጮህም። ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ፤ በተሠራው ፀጉራቸው ሥር ፊታቸው በአንድ ጊዜ አረጀ።

"ምን ማለት ነው አጠፋሁ?" አለ ልጃቸው። ሥዕሉ ላይ አፍጥጦ ተጠጋ። "ጀልባዋ አለች፣ የመስኮቱ መስታወት እንኳ አለ። ሌላው ሁሉ ሳይነካ የእናቴ ምስል ብቻ እንዴት ተለይቶ ይጠፋል? ይህን አስረዳኝ!"

"አዎ" አሉ እናቱ ቀስ ብለው፣ ቀና ብለው ፍሬም ሰሪውን እያዩ። "እኔ ብቻ ለምን?"

"ምክንያት አለው" አለች ልጁ ከኋላ፤ አጉሊ መነጽሩን አንሥታ ወደ ፊት መጣች። "እዚህ ጋ ቢያዩት፣ ይህ እድፍ…"

"እጄ ነው" አለ ፍሬም ሰሪው።

ልጁ ባለችበት ቆመች።

ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ሁሉም እንዲያየው ዘረጋው። እጁም አላሳፈረውም፤ እንደ ልማዱ ይንቀጠቀጣል። "ዓመት ሆነው። ልጄ ተው ስትለኝ ነበር፣ አልሰማሁም። ጠዋት ከደረጃው ጋ ስደርስ ተንቀጠቀጠብኝ። ኃይለኛው የማጠቢያ ፈሳሽ ከጠርሙሱ ተንጠባጠበ፤ የወደቀው እርስዎ ላይ ነው። ሌላ ቦታ ቢወድቅ ኖሮ ጀልባዋ ነበረች የምትጠፋው።"

"አባዬ!" አለች ልጁ።

"ተይኝ ልጄ። የሠራሁትን እኔ ልናገር።"

ልጃቸው የሚንቀጠቀጠውን እጅ አየ፣ ከዚያ ዓይኑን መለሰ። "ለዚህ እጅ ነው እንግዲህ ሠላሳ አንድ ሥዕል ልሰጥ የነበረው" አለ። የተናገረው ከቁጣ ይልቅ እንደ መደንገጥ አድርጎ ነው። "እማዬ፣ እንሂድ። ነገ ሌላ ባለሙያ እንዲያየው እወስደዋለሁ። ምን እንደሆነ በደንብ ይመርምረው።"

ፍሬም ሰሪው ይህን ሲሰማ ክው አለ፤ ሌላ ባለሙያ እድፉን ካየው እውነቱ ይወጣል። ልጁም ይህ እንደገባት ከትንፋሿ አወቀ።

አዋላጇ ግን የልጃቸውን ነገር አልሰሙም። ተነሥተው ሥዕሉ ጋ ሄዱና ጣታቸውን ሳያስነኩ ወደ ሦስተኛዋ እርከን አቀረቡ።

"እዚህ ጋ ነበርኩ" አሉ። "ስድስት ወር ሙሉ እዚህ ጋ ቆሜ እሱ እዚያ ማዶ ሆኖ ያየኝ ነበር። አይደል?"

ጥያቄው ለማን እንደሆነ አልታወቀም። እሳቸው ግን ዘወር ብለው ያዩት ፍሬም ሰሪውን ነው። አርባ ሁለት ዓመት ስለ ሰው ሥዕል ሲጠየቅ እርግጠኛ ያልሆነበትን ተናግሮ አያውቅም።

"ነበሩ እንጂ እትዬ" አላቸው። "ቀለሙ ራሱ ይናገራል። እርስዎና ውኃው አብራችሁ ነው የተሳላችሁት።"

አዋላጇ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ አልፈሰሰም። "እንግዲህ ሌላ ሰው እንዲስለኝ አልፈልግም። የቆምኩበትን አውቀዋለሁ፣ ይበቃኛል። ግን ይህን ነገር አንሣልኝ ወንድሜ። እንደ እድፍ ሆኜ አልቅር።"

"እማዬ፣ ነገ ባለሙያው…"

"የኔ ሥዕል ነው" አሉት።

ፍሬም ሰሪው ወንበሩን ወደ ሥዕሉ ሳበና ተቀመጠ። ልጁን ቀና ብሎ ላለማየት ሞከረ፤ ግን አያት። አጉሊ መነጽሩን አሁንም ይዛ ቆማለች። ያ እድፍ ከተነሣ አባቷ ትክክል እንደነበር የሚመሰክር ነገር በዓለም ላይ አይኖርም፤ ያለፈው የወር ኪራይ የመጨረሻቸው ይሆናል፤ እሱም እስኪሞት ድረስ እጁ የከዳው ሰውዬ ነው። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ዓይኗ "ተው" ሲለው አየው። ከዚያ ዓይኗ ወደ አሮጊቷ ሄደ፣ ወደ ተሠራው ፀጉራቸው፣ እዚያም ቆየ።

ልጁ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አዲስ ጥጥ ጠቅልላ ለአባቷ አቀበለችው፤ ጠርሙሱንም ራሷ ከፈተችለት።